ራምና የበጎ ፈቃድ ስሌት፦ ኮምፒውተርዎ በአንድ ጊዜ ስንት ታስክ መሸከም እንደሚችል ማወቂያ መመሪያ

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ ወይም በቡራዩ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝቶ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ የሚያድርበትን ሰዓት ለምርምር ተቋማት ማዋስ ይችላል። አሠራሩ የበጎ ፈቃድ ስሌት ይባላል፦ አንድ ትልቅ የሳይንስ ጥያቄ በብዙ ሺህ ትንንሽ ታስኮች ተከፋፍሎ በኢንተርኔት ወደ ፈቃደኞች ኮምፒውተሮች ይላካል፤ እያንዳንዱ ማሽን የደረሰውን አስልቶ ውጤቱን ይመልሳል። ይህን አሠራር በዓለም ዙሪያ ያስተዋወቀው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ እ.ኤ.አ. በሜይ 1999 የተጀመረውና እስከ ማርች 2020 ድረስ ታስክ ሲያከፋፍል የቆየው ሴቲ አት ሆም የተባለ ፕሮጀክት ነው፤ ከዚያው ዩኒቨርሲቲ የወጣው ቦይንክ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ዛሬ አብዛኞቹን ፕሮጀክቶች ያስኬዳል።

ቦይንክን የሚጭን ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ስሌቱን በሚሠራው ክፍል፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ነው። ሶፍትዌሩም ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር ፕሮሰሰሩ ባለው የትሬድ (በአንድ ጊዜ ሊያስኬደው የሚችለው የሥራ ክር) ብዛት ልክ ታስክ ለመክፈት ይሞክራል። ባለ 8 ትሬድ ማሽን 8 ታስክ ሲያስኬድ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በቀን የሚጠናቀቀው ታስክ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ብቻ ቢኬድ የተሻለ ይሆን እንደነበር ይታያል። የታስኩን ቁጥር መወሰን ያለበት ራሙ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለው ዳታ በጊዜያዊነት የሚቀመጥበት ክፍል ነው፦ በመጀመሪያ መጠኑ፣ ቀጥሎም ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ስፋት። የትሬዱ ብዛት ጣሪያ ከመሆን ያለፈ ሚና የለውም።

ስሌቶቹ በአየር ላይ እንዳይቀሩ በመመሪያው ሁሉ አንድ ማሽን እንይዛለን፦ ያገለገለ ዴስክቶፕ፣ ኢንቴል ኮር አይ7-4790 ፕሮሰሰር ያለው፣ ማለትም 4 ኮር (የስሌት ክፍል)፣ 8 ትሬድና 8 ሜጋባይት ካሽ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ትንሽና ፈጣን ማስቀመጫ)፤ በላዩም ላይ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር3 (የራም ትውልድ ስም ነው) ራም የተሰካበት። የእርስዎ ማሽን ከዚህ ቢለይ ቁጥሮቹን መተካት ብቻ ነው።

ደረጃ 1፦ ማሽኑ ያለውን ራም በትክክል ማወቅ

በዊንዶውስ «ታስክ ማኔጀር»ን ይክፈቱ፣ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይጫኑ፣ ከዚያም «ሜሞሪ»ን ይምረጡ። እዚያ ጠቅላላ መጠኑ፣ ፍጥነቱ፣ ስንት መሰኪያ እንደተያዘና ምን ያህል ራም ለሃርድዌር እንደተቀመጠ ይታያል። የመጨረሻው ቁጥር ብዙ ሰው የማያየው ነው። የራሱ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን ለስክሪኑ የሚያስፈልገውን ሜሞሪ ከራሙ ላይ ስለሚቆርስ፣ በወረቀት 8 ጊጋባይት የተባለው ማሽን ለሥራ የሚያቀርበው ከዚያ ያንሳል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ደግሞ የቱንም ያህል ራም ቢሰካ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምበትም፤ ያገለገሉ ማሽኖችን የሚሸጡ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ያለውን ጭነው ስለሚሰጡ ይህን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ቀጥሎ ማንኛውንም ፕሮግራም ሳይከፍቱ፣ ቦይንክንም አቁመው፣ ማሽኑ ከተነሣ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ በጥቅም ላይ ያለውን ራም ያንብቡ። ለምሳሌያችን 2.5 ጊጋባይት ነው እንበል። ከዚያ በተለመደው የቀን ሥራዎ ላይ እንዳሉ፣ ብሮውዘሩም ሌላውም ተከፍቶ፣ ቁጥሩን እንደገና ይመዝግቡ፤ ይህ 4 ጊጋባይት ይሁን። ሁለቱም ቁጥሮች ኋላ ያስፈልጋሉ።

ደረጃ 2፦ አንድ ታስክ ምን ያህል ራም እንደሚፈልግ መለካት

በዚህ ረገድ ፕሮጀክቶች በእጅጉ ይለያያሉ። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የፕሮቲን ቅርጽን የሚያጠናው ሮዜታ አት ሆም፣ እንደ ታስኩ ዓይነት ከጥቂት መቶ ሜጋባይት አንሥቶ እስከ 2 ጊጋባይትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክላይሜት ፕሪዲክሽን ዶት ኔት፣ ኦፕን አይኤፍኤስ በተባለው የአየር ጠባይ ሞዴል የሚሠራቸው ታስኮች እያንዳንዳቸው 5 ጊጋባይት አካባቢ ይጠይቃሉ፤ የእኛ ባለ 8 ጊጋባይት ማሽን ከእነዚህ አንዱን እንኳ የሚያስኬደው በጭንቅ ነው። የአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል የሰርን ፕሮጀክት የሆነው ኤልኤችሲ አት ሆም ደግሞ አትላስ የተባሉትን ታስኮች በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ምናባዊ ኮምፒውተር ከፍቶ ስለሚያስኬዳቸው 4 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ለአንድ ታስክ ይይዛሉ። በእኛ አካባቢ ተጨማሪ ችግር አላቸው፦ የምናባዊው ኮምፒውተር ፋይል ራሱ ትልቅ በመሆኑ በሞባይል ዳታ ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ከባድ ወጪ ነው።

በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሠራው ፎልዲንግ አት ሆም በራሱ ሶፍትዌር የሚኬድ ሲሆን፣ አንዱን ታስክ በብዙ ትሬዶች ላይ ያከፋፍለዋል። ትሬዶቹ አንድ የጋራ ዳታ ስለሚጠቀሙ የትሬዱ ቁጥር ቢጨምርም የራም ፍላጎቱ በዚያው ልክ አይባዛም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ ደህና ሆኖ ራሙ 4 ጊጋባይት ብቻ ለሆነበት ሰው የምመክረው መጀመሪያ ይህን እንዲሞክር ነው።

አገራችን ያለችበትን አህጉር በቀጥታ የሚመለከት ሥራ የሚፈልግ ሰው የተለያዩ የምርምር ሥራዎችን ባቀፈው በወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ ሥር እ.ኤ.አ. በ2019 ስለተጀመረው የአፍሪካ ዝናብ ፕሮጀክት ማወቁ መልካም ነው። ከሰሐራ በታች ያለውን የአፍሪካ ክፍል ዝናብ በ1 ኪሎ ሜትር ጥራት ለማስላት የታሰበ ነው። የአየር ጠባይ ሞዴል ስለሆነ ግን ራምም፣ የዲስክ ቦታም፣ ውጤቱን ለመላክ የሚያስፈልገው ዳታም ከሌሎቹ የግሪዱ ሥራዎች ከፍ ያለ ነው።

ፕሮጀክቱ የሚጽፈውን ዝቅተኛ መስፈርት ከማመን ይልቅ በራስ ማሽን ላይ መለካት ይሻላል። በቦይንክ «አድቫንስድ ቪው» ውስጥ «ታስክስ» የሚለውን ይክፈቱ፣ በመሥራት ላይ ያለ አንድ ታስክ ይምረጡና «ፕሮፐርቲስ»ን ይጫኑ። ከሚወጣው ዝርዝር «ወርኪንግ ሴት ሳይዝ» የሚለው ታስኩ በዚያች ቅጽበት በራም ላይ የያዘውን መጠን ይነግርዎታል፤ «ቨርቹዋል ሜሞሪ ሳይዝ» የሚለው ግን ታስኩ ያስመዘገበውን አድራሻ ሁሉ ስለሚያካትት ለስሌታችን አይሆንም። ታስክ ሲጀምር፣ መሐል ላይና ሊጨርስ ሲል የሚይዘው መጠን ስለሚለያይ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያንብቡ፣ ከሦስቱም ትልቁን ይውሰዱ። ለምሳሌያችን 1.2 ጊጋባይት እንበል።

ደረጃ 3፦ ማካፈል

ከ8 ጊጋባይት ላይ ዊንዶውሱ የሚይዘውን 2.5 ይቀንሱ፤ 5.5 ይቀራል። ሲስተሙ ፋይሎችን ለማንበቢያ ትንሽ ክፍት ቦታ ስለሚፈልግ ግማሽ ጊጋባይት ይተዉለት፤ 5 ይቀራል። 5 ለ1.2 ሲካፈል 4 ታስክ ነው። ሰው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ በሚሠራበት ሰዓት ደግሞ ከ8 ላይ 4 እና ግማሽ ሲቀነስ 3.5 ይቀራል፤ ይህ ለ2 ታስክ ብቻ ይበቃል። 8 ትሬድ ያለው ማሽን 4 እና 2 ብቻ መሥራቱ የባከነ ይመስላል፤ ነገር ግን ቀጥሎ እንደሚታየው አምስተኛውና ስድስተኛው ታስክ ሲጨመሩ ከአራቱም ላይ ይወስዳሉ።

ደረጃ 4፦ ስሌቱን ለቦይንክ መንገር

«ኦፕሽንስ» ከሚለው ሜኑ «ኮምፒውቲንግ ፕሪፈረንስስ»ን ይክፈቱና ዲስክና ሜሞሪ ወደሚለው ገጽ ይሂዱ። ኮምፒውተሩ በጥቅም ላይ ሲሆን 50 በመቶ፣ ሥራ ሲፈታ 90 በመቶ የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ተሞልተው ያገኛሉ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ነገር አለ። መቶኛው የሚሰላው ከጠቅላላው ራም ላይ እንጂ ዊንዶውስና ሌሎች ፕሮግራሞች ከያዙት ከተረፈው ላይ አይደለም። በእኛ ማሽን 90 በመቶ ማለት 7.2 ጊጋባይት ነው፤ ዊንዶውሱ 2.5 ይዟል፤ ድምሩ 9.7 ሲሆን ራሙ ግን 8 ነው። የተረፈው ወደ ዲስክ ይገፋል። ስለዚህ ትልቅ ራም ለሌለው ሰው የተሞላው ቁጥር በጭራሽ እንዳለ መተው የለበትም።

ለሥራ ፈት ሰዓት 5 ለ8 ተካፍሎ 62 በመቶ፣ ለሥራ ሰዓት ደግሞ 40 በመቶ ያድርጉት። 40 በመቶ 3.2 ጊጋባይት ስለሚሆን ሁለቱን ታስክ ከነመጠነኛ ትርፉ ይይዛል። እንዲህ ሲደረግ ቦይንክ ቦታ ያጣውን ታስክ «ዌይቲንግ ፎር ሜሞሪ» ብሎ ያቆየዋል። ይህን ጽሑፍ አይቶ የሚደነግጥ አለ፤ ይሁን እንጂ ሶፍትዌሩ የታዘዘውን እየፈጸመ መሆኑን ከመናገር ሌላ ትርጉም የለውም።

በዚያው መስኮት የስሌት ገጽ ላይ ቦይንክ ከፕሮሰሰሮቹ ምን ያህል በመቶ ይጠቀም የሚለውንም ወደ 50 ያውርዱት፤ ከ8 ትሬድ 4 ማለት ነው። የራም ገደቡ ብቻውን ከተተወ ታስኮች እየተነሡና እየቆሙ ይውላሉ፤ በሁለቱም በኩል ከተያዘ ግን ሥራው ይረጋጋል። ከጎኑ ያለውን የፕሮሰሰር ጊዜ መቶኛ መቀነስ ሙቀት ለማብረድ ይረዳል እንጂ ራም አያስለቅቅም፤ ታስኩ ለአፍታ ሲቆምም የያዘውን ይዞ ነው የሚቆየው። በዚህ መስኮት የሚሞላው በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ የተሞላውን እንደሚሽርም ያስታውሱ።

አንድ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ቀርቷል፤ የቆሙ ታስኮች በሜሞሪ ውስጥ ይቆዩ ወይስ ይውጡ የሚለው። ሳጥኑ ከተመረጠ ታስኩ የቆመበትን ሳያጣ ይቀጥላል፣ ዋጋውም ራም መያዙ ነው፤ ካልተመረጠ ታስኩ ከራም ይወጣና ሲመለስ መጨረሻ ካስቀመጠበት ነጥብ ይጀምራል። ሦስት ወይም አራት ፕሮጀክት በአንድ ላይ የተቀላቀለ ሰው ሳጥኑን ከመረጠ፣ ቦይንክ በየ60 ደቂቃው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲቀያይር የቆሙት ታስኮች እየተከማቹ ራሙን ይሞሉታል። በ8 ጊጋባይት ማሽን ሳጥኑን መርጦ ፕሮጀክቱን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ማድረግ፣ በ4 ጊጋባይት ማሽን ደግሞ ሳጥኑን ትቶ የመቀያየሪያውን ጊዜ ወደ 240 ደቂቃ ማራዘም የተሻለ ነው።

ደረጃ 5፦ መዘግየቱ ከየት እንደመጣ መለየት

ብዙ ሰው ማሽኑ ሲንቀራፈፍ ወዲያው ራም ለመግዛት ይነሣል። ከመግዛት በፊት መዘግየቱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም መድኃኒታቸው የተለያየ ሦስት ዓይነት መዘግየቶች አሉ።

የመጀመሪያው የራም መጠን ማነስ ነው። ራም ሲሞላ ሲስተሙ የተወሰነውን ዳታ ወደ ዲስክ ያወጣል፣ ሲያስፈልግም መልሶ ያስገባል። ከራም አንድ ነገር ማምጣት በግምት 100 ናኖሰከንድ ይወስዳል፤ ከኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል ከሌለው ዲስክ) ማምጣት ሺህ እጥፍ፣ ከሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ማምጣት ደግሞ መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ይዘገያል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ፕሮሰሰሩ ዳታው እስኪመጣ ይጠብቃል። ይህን ለመያዝ በታስኩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሲፒዩ ታይም» እና «ኢላፕስድ ታይም» የሚሉትን ያነጻጽሩ። የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ በእርግጥ ለታስኩ የሠራበት ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው በግድግዳ ሰዓት ያለፈው። ታስኩ 6 ሰዓት ቆይቶ ፕሮሰሰሩ የሠራው 3 ሰዓት ብቻ ከሆነ ግማሹ ጊዜ በጥበቃ አልፏል። የፕሮሰሰር ጊዜ መቶኛው 100 ላይ ሆኖ፣ ማሽኑንም ማንም ሳይነካው ይህ ከታየ፣ ከሞላ ጎደል ጥፋተኛው የዲስክ ምልልሱ ነው። በዊንዶውስ «ሪሶርስ ሞኒተር» የሜሞሪ ገጽ ላይ «ሃርድ ፎልትስ» የሚለው፣ ዳታ ከዲስክ የተመጣበትን ብዛት የሚያሳየው ቁጥር ያለማቋረጥ ከፍ ብሎ ከታየም ይህንኑ ያረጋግጣል።

ሁለተኛው የመስመር ጥበት ነው፤ ይህኛው ደግሞ ራሱን ይደብቃል። ራሙ ይበቃል፣ ዲስኩ ጸጥ ብሏል፣ «ታስክ ማኔጀር» ፕሮሰሰሩ 100 በመቶ እየሠራ ነው ይላል፣ ሁለቱም ሰዓቶች እኩል ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ ታስክ ለብቻው ሲኬድ ከሚወስደው ጊዜ በእጅጉ ይረዝማል። ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ ከራም የሚመጣውን ዳታ ሲጠብቅ የሚያጠፋው ጊዜ በሲስተሙ ዘንድ እንደ ሥራ ጊዜ ስለሚቆጠር ነው። በአንድ ምጣድ ዙሪያ ስምንት ጋጋሪ ቢሰለፍ ሁሉም በሥራ ላይ ነኝ ይላል፤ የሚወጣው እንጀራ ግን የምጣዱን ያህል ነው። ይህን የሚገልጥ ሌላ ቁጥር የለም፤ መሞከርና መቁጠር ብቻ ነው።

ሙከራው እንዲህ ይደረጋል። ከአንድ ፕሮጀክት፣ አንድ ዓይነት የሆኑ ታስኮች ይዘው መጀመሪያ በ4፣ ቀጥሎ በ6፣ ከዚያም ራሙ የሚችል ከሆነ በ8 ያስኪዱ፤ በእያንዳንዱ ቁጥር ቢያንስ ደርዘን ያህል ታስክ እስኪጠናቀቅ ይጠብቁና አማካይ ጊዜውን ይያዙ። ከዚያ በአንድ ላይ የሚኬዱትን ታስኮች ብዛት ለአንዱ ታስክ ጊዜ ያካፍሉ። 8 ታስክ እያንዳንዱ 10 ሰዓት ቢፈጅ በሰዓት 0.8 ታስክ ይወጣል፤ 6 ታስክ እያንዳንዱ 7 ሰዓት ቢፈጅ በሰዓት 0.86 ይወጣል። በእንዲህ ያለ ማሽን 6ቱ ከ8ቱ የበለጠ ሠርተዋል፣ ኤሌክትሪክም የሚያንስ እንጂ የሚበልጥ አይወስዱም። ሙከራው ቀናት ሊፈጅ ይችላል፤ ነገር ግን የሌላ ሰውን ቁጥር ከመቅዳት ይልቅ ያዋጣል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ከራም ጋር ግንኙነት ስለሌለው ባጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ በማራገቢያው በኩል የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በዚህ ላይ አስፋልት ያልደረሰው ሰፈር አቧራ ሲጨመር ፕሮሰሰሩ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በ«ታስክ ማኔጀር» የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከመደበኛው ወርዶ ከታየ ራም ከመግዛት በፊት ማሽኑን ከፍቶ አቧራውን ማስነፋት ይቀድማል።

ደረጃ 6፦ መስመሩን ማስፋት

በምሳሌያችን ማሽን ላይ ያለው አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ነው። ዲዲአር3-1600 የሆነ አንድ ራም በሰከንድ ቢበዛ 12.8 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ፕሮሰሰሩ ግን ሁለት ቻናል (ከራም ጋር የሚገናኝበት መስመር) አለው፤ በሁለቱም ላይ ራም ሲሰካ አቅሙ 25.6 ይሆናል። ስለዚህ መጠኑ ያው 8 ጊጋባይት ሆኖ ሁለት ባለ 4 ራም መሰካት ብቻ የመስመሩን ስፋት እጥፍ ያደርገዋል። በዲዲአር4-3200 ዘመን ማሽኖችም ነገሩ ያው ነው፦ አንዱ 25.6፣ ሁለቱ 51.2። ያገለገሉ ማሽኖች ሲሸጡ ሁለተኛው ራም ተነቅሎ በሌላ ማሽን ላይ መሰካቱ የተለመደ በመሆኑ ሁለተኛው ቻናል ባዶ ሆኖ መገኘቱ አይገርምም።

ሁለቱ ራሞች በየትኛው መሰኪያ እንደሚገቡ ወሳኝ ነው። አራት መሰኪያ ባላቸው ማዘርቦርዶች ሁለቱ ቻናሎች አብዛኛውን ጊዜ በቀለም ወይም በቁጥር ይለያሉ፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት መሰኪያዎች በአንድ ቻናል ሥር ሊሆኑ ስለሚችሉ የማሽኑን ማኑዋል ማየት ወይም በሲፒዩ-ዜድ ሶፍትዌር የሜሞሪ ገጽ ላይ «ዱዋል» የሚል መውጣቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አዳዲስ ዴስክቶፖች ላይ ደግሞ ራሙ ከተጻፈበት ፍጥነት በታች፣ ለምሳሌ በ2133 ወይም በ2400፣ እየሠራ ሊገኝ ይችላል፤ በባዮስ (ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ፍጥነት ምርጫ ማብራት ይፈታዋል።

ከዚህ ለውጥ እኩል የሚጠቀም ሥራ ሁሉ አይደለም። የመድኃኒት ሞለኪውልን ከፕሮቲን ጋር የሚያገጣጥሙ ታስኮች ዳታቸው ትንሽ ስለሆነ በካሽ ውስጥ ይኖራሉ፣ መስመሩን ብዙም አይነኩትም። የአየር ጠባይ ሞዴሎችና የዋና ቁጥር (ለ1ና ለራሱ ብቻ የሚካፈል ቁጥር) ፍለጋ ግን በብዛት ይጠቀሙበታል። በተለይ ፕራይምግሪድ በተባለው የዋና ቁጥር ፍለጋ ፕሮጀክት ላይ የሚሳተፍ ሰው ይህን ቀላል ስሌት ይያዝ፦ ታስኩ ቁጥር የሚያባዛበት ኤፍኤፍቲ የተባለው ስልት ርዝመቱ በ8 ባይት ሲባዛ የሚፈልገውን የካሽ መጠን ይሰጣል። ርዝመቱ 1,024 ሺህ ከሆነ ወደ 8 ሜጋባይት ይመጣል፤ ይህም የምሳሌያችንን ፕሮሰሰር ካሽ በሙሉ የሚይዝ ነው። አራት እንዲህ ያሉ ታስኮች በአንድ ላይ ቢኬዱ 32 ሜጋባይት ፈልገው 8 ብቻ ስለሚያገኙ ሁሉም ወደ ራም ይመላለሳሉ። መፍትሔው በፕሮጀክቱ ድረ ገጽ ላይ ለአንድ ታስክ የሚመደበውን ትሬድ ወደ 4 ከፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ማስኬድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሳንቲም ሳያወጡ የሚገኘው ለውጥ ራም በመግዛት ከሚገኘው ሊበልጥ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ራም መግዛት ካስፈለገ

መርካቶ ወይም መገናኛ ከመሄድዎ በፊት አሮጌውን ራም ነቅለው ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለ ማሽኑን ራሱን ይውሰዱት። በራሙ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አስቸጋሪ አይደለም፦ ፒሲ3-12800 ማለት ዲዲአር3-1600 ነው፣ ፒሲ4-25600 ማለት ደግሞ ዲዲአር4-3200፤ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር በሰከንድ የሚተላለፈው ሜጋባይት ነው። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 የመሰኪያቸው ቁራጭ ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው አይገባም፤ በኃይል መጫን ማዘርቦርዱን ከመጉዳት በቀር ጥቅም የለውም። የዴስክቶፕና የላፕቶፕ ራምም ቁመታቸው የተለያየ ነው። አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ላፕቶፕ ያለው ሰው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል መጠየቅ አለበት፤ ተራው 1.5 ቮልት ዲዲአር3 ቢገባም ማሽኑ አይነሣም።

ዋጋው ከሌላው በጣም ወርዶ የሚቀርብ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ሲያጋጥም የሰርቨር ራም እንዳይሆን ይጠርጥሩ። ሬጂስተርድ የሚባለው የሰርቨር ራም በተራ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም። ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች ከተደባለቁ ደግሞ ሁለቱም በዘገምተኛው ፍጥነት ይሠራሉ፤ ለዚህም ቢሆን ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ራሞች በሁለት ቻናል መኖራቸው ከአንድ ፈጣን ራም ብዙውን ጊዜ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ራሙን መፈተን

ለተራ ሥራ የማይታወቅ የራም ስህተት ለበጎ ፈቃድ ስሌት አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ቀን ከሌሊት በሚሠራ ማሽን ላይ አንዲት ቢት (ትንሿ የዳታ ቅንጣት) ስትገለበጥ የሰዓታት ስሌት ይበላሻል። በርካታ ፕሮጀክቶች አንዱን ታስክ ለሁለት ኮምፒውተሮች ልከው ውጤቱን ስለሚያነጻጽሩ ስህተቱ ወደ ሳይንሱ አይገባም፤ ነገር ግን የእርስዎ ሥራ ተቀባይነት አጥቶ ይጣላል፣ ታስኩም ለሦስተኛ ሰው እንደገና ይላካል። ሜምቴስት86+ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ላይ ጭነው ማሽኑን ከእሱ ያስነሡትና ሌሊቱን ሙሉ ይተዉት። አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው፣ እጅዎን ከኬዙ ብረት አስነክተው፣ ራሙን አውጥተው ወርቃማ ጥርሶቹን በላጲስ በቀስታ ይጥረጉ፣ መሰኪያውንም ከአቧራ ያጽዱና ፈተናውን ይድገሙት። ስህተቱ ከተመለሰ አንድ አንድ ራም ብቻ እየሰኩ የታመመውን ይለዩ፤ ለይተው ካወቁት በኋላ መተካት እንጂ መታገስ አያስፈልግም።

ደረጃ 9፦ መብራት ሲሄድ

በራም ላይ ያለ ነገር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ታስኮች በየተወሰነ ጊዜ የደረሱበትን ነጥብ በዲስክ ላይ ስለሚያስቀምጡ የሚጠፋው ከመጨረሻው ነጥብ ወዲህ ያለው ሥራ ነው፤ ያም ለአንዳንዱ ፕሮጀክት ደቂቃ፣ ለአንዳንዱ ሰዓት ነው። በታስኩ «ፕሮፐርቲስ» ውስጥ ነጥቡ ከተቀመጠ ወዲህ ያለፈው የፕሮሰሰር ጊዜ ስለሚጻፍ፣ በየመካከሉ በማየት ፕሮጀክቱ በየስንት ጊዜው እንደሚያስቀምጥ ማወቅ ይቻላል። መብራት በቀን ብዙ ጊዜ በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ሰው ረጅም ጊዜ ሳያስቀምጡ የሚሄዱትንና በድንገት ሲቋረጡ ለስህተት የሚጋለጡትን የአየር ጠባይ ታስኮች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ሳይኖረው ባይወስድ እመክራለሁ። በደረጃ 4 የተጠቀሰው ሳጥን ቦይንክ ራሱ ለሚያደርገው ማቆም እንጂ ለመብራት መጥፋት እንደማይረዳም መታወቅ አለበት።

ዩፒኤስ ካለ ግን ነገሩ ይቀየራል። ዊንዶውስ «ሃይበርኔት» ሲደረግ በራም ላይ ያለው ሁሉ ወደ ዲስክ ተጽፎ ማሽኑ ይጠፋል፤ መብራት ሲመጣና ማሽኑ ሲነሣ ታስኮቹ ካሉበት ይቀጥላሉ። በሰከንድ 100 ሜጋባይት በሚጽፍ ሃርድ ዲስክ 8 ጊጋባይት ራም ሙሉ በሙሉ ቢጻፍ እንኳ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፤ ስለዚህ 10 ደቂቃ የሚይዝ ተራ ዩፒኤስ ይበቃል። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝ ከሆነ በዊንዶውስ «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ ባትሪው ወሳኝ ደረጃ ላይ ሲደርስ «ሃይበርኔት» እንዲያደርግ ማዘዝ፣ ወሳኝ የሚባለውንም ደረጃ ወደ 40 በመቶ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያገለገለ የዩፒኤስ ባትሪ የሚያሳየውን መቶኛ ያህል ስለማይቆይ በ5 ወይም በ10 በመቶ ላይ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ላፕቶፕ ላይ ባትሪው ራሱ ይህን ሥራ ይሠራል፤ ቦይንክም ላፕቶፑ በባትሪ ሲሆን ታስኮችን እንዲያቆም ሆኖ ስለሚመጣ ያንን ምርጫ እንዳለ ይተዉት፣ ታስኮቹ በቆሙበት በራም ውስጥ እንዲቆዩም የደረጃ 4ን ሳጥን ይምረጡ።